ማይኩን የዘጋው ሰው

አንድ የሬዲዮና የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር፤ «ጌታ ነገረኝ» የሚል ሰው ባጋጠመው ቁጥር ግንባሩን የሚቋጥር። አማኝ ስላልሆነ አይደለም። አማኝማ ነው፤ ያውም ዝናብ ቢወርድ፣ ጉንፋን ቢይዘው፣ ከጉባኤ የማይቀር። ብቻ ግትር ነው። አንዴ «አይሆንም» ካለ አይሆንም ነው፤ ሽማግሌ ብትልክበትም ሽማግሌውን ሻይ ጋብዞ በመጣበት ይመልሰዋል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

በጉባኤው ዘንድ «ባለማይኩ» ይሉታል። እሑድ እሑድ ገመዱን የሚዘረጋው፣ ዘማሪዎቹ ሲጮኹ የሚቀንሰው፣ ሰባኪው ድምፁ ሲሰልል የሚጨምረው እሱ ነው። መቀመጫው ከአዳራሹ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ፣ ቁልፍ በቁልፍ ከሆነችው ጠረጴዛው ኋላ ነው። ድምፁ ደህና ሲሆን እዚያ መኖሩን ልብ የሚል የለም። ድምፁ የተቋረጠ ዕለት ግን ጉባኤው በሙሉ አንገቱን አዙሮ ያፈጥበታል።

ባለማይኩ በነገር መውጋት ይወዳል። አንዱ ወንድም «ጌታ ይህችን መኪና ግዛ አለኝ» ብሎ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ምእመናን ተሰብስበው ሲገፏት፣ ባለማይኩም ትከሻውን አስደግፎ እየገፋ፣ «ለመሆኑ ሞተሯንም ክፈትና እይ አላለህም?» አለው። ሰውየው ለከረመ ጊዜ ሰላምታ ነሳው። ሌላ ጊዜ ዘማሪዎቹ በልብሳቸው ቀለም ተጣሉ። ሰማያዊ ያሉትም «ጌታ ነው ያለን» አሉ፤ ነጭ ያሉትም «ጌታ ነው ያለን» አሉ። «እንግዲያው ጌታ መጀመሪያ ከራሱ ጋር ይታረቅና ይምጣ» ብሎ ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይወደዋል!

«አንተን ግን ተናግሮህ አያውቅም?» ይሉታል።

«እንደ እናንተማ አልተናገረኝም» ይላል።

እውነቱን ነው። ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ሕልም አይቶም አያውቅም፤ ቢያይም ቁርስ ሳይበላ ይረሳዋል። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ግን ቃሉን ያነባል። አብዛኛውን ቀን ያነበበው እንደ ደረቀ ዳቦ ነው፤ አኝኮ አኝኮ ይውጠዋል፣ አለቀ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አንዲት መስመር ደረቱ ላይ ተሰክታ አልነቀል ትላለች። አንድ ጊዜ ለአንድ ደንበኛ «ዋናው ዕቃ ተቃጥሏል» ሊል አፉን እንደ ከፈተ፣ ጠዋት ያነበባት መስመር አፉን ያዘችው። «ገመድ ነው የተነቀለው፣ ውሰደው» ብሎ ሰደደውና ቀኑን ሙሉ ሲናደድ ዋለ። «እግዚአብሔር ለእኔ ሲናገር እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን እንኳን የምፈልገውን ብሎኝ አያውቅም» ይላል።

ይህን ግትር ሰው ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። እሱ «እቴቴ» ይላቸዋል፤ የቀረው ጉባኤ ግን «እማማ» ነው የሚላቸው። «ጌታ ነገረኝ» የሚሉትን ሁሉ ሲያሾፍባቸው በእሳቸው አሹፎ አያውቅም። ምክንያት አለው። አንድ ቀን በቀትር ወደ ሱቁ መጡና «ተነስ፣ ዝጋና ቤትህ ግባ» አሉት። «ምን ተፈጠረ?» ቢላቸው፣ «እኔ ምን አውቄ! ይግባ ተባልኩ» አሉ። እያጉረመረመ ሄደ። እርጉዝ ሚስቱን መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ ደም እየፈሰሳት አገኛት። ጥቂት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ እናቲቱም ልጁም አይተርፉም ነበር አሉ ሐኪሞቹ። አሁን ዳቦ ቤት የምትሠራው ብቸኛ ልጁ ያኔ በማኅፀን የነበረችው ናት።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሚስቱ በሌላ ሕመም አልጋ ያዘች። ጉባኤው ሁሉ «ትድናለች ተብሏል» ሲል፣ አክስቱ ብቻ «እኔ ምንም አልተባልኩም» ብለው እጇን ይዘው ተቀመጡ። ሞተች። «ትድናለች» ያሉት ሁሉ ከቀብር በኋላ እሱን ላለማየት መንገድ ሲቀይሩ፣ እማማ ሳህን እያጠቡ፣ ልጅቷን እያበጠሩ ቤቱ ከረሙ። ባለማይኩ ያቺን «ምንም አልተባልኩም» በልቡ ይዟታል። ሰው ዝም ሲባል ዝም ተባልኩ ማለት ከቻለ፣ ሲሰማም ሰማሁ ቢል ይታመናል ብሎ ያስባል።

ያኔ ጉባኤው የሚሰበሰበው በእማማ ሳሎን ነበር፤ ተጠጋግተው፣ የአንዱ ጉልበት የሌላውን ወገብ እየወጋ። አንድ ወግ ነበራቸው፤ ምዘና ይሉታል። «ቃል መጣልኝ» ላለ ሰው አይጨበጨብለትም። ተቀመጥ ይባልና የሰማውን ቀስ ብሎ ይደግማል። ከዚያ ሌሎቹ ይይዙታል። የሰማኸው የቱ ነው? የመሰለህስ የቱ ነው? ከቃሉ ጋር ይስማማል? የተነገረለት ሰውስ ምን ይላል? አንዳንዱ መልእክት ከዚያ ሁሉ ጥያቄ ሙሉውን ይወጣል። አንዳንዱ ግማሹ ይቀራል። አንዳንዱን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ እየሳቀ «ተዉት፣ ራት በዝቶብኝ ነው» ይለዋል። ማንም አያፍርም። እማማም ከሁሉ በላይ ሲመዘኑ ደስ ይላቸው ነበር።

በኋላ ጉባኤው አደገና አዳራሽ ተከራየ። ማይክ ገባ፤ ያስገባው ራሱ ባለማይኩ ነው። በማይክ የተነገረን ነገር ታዲያ ማን ይመዝነዋል? ከፊት ያለው «አሜን!» ይላል፤ ከኋላ ያለው ምን እንደተባለ ሳይሰማ ከፊት ካለው አስበልጦ «አሜን!» ይላል። ምዘናን የሻረው የለም፤ ጊዜ ጠበበ እየተባለ በዚያው ቀረ።

የልጅቷን ነገር እንናገር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ትንሽ ሆና በየደረሰችበት ትወድቅ ነበር፤ ደረጃ ላይ፣ ክፍል ውስጥ፣ አንዴም ወጥ በተጣደበት ምድጃ አጠገብ። ሐኪሟ ክኒን ጀመረላት፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ከዚያ ወዲህ መውደቁ ቆመ። «ደህና ነኝ ብለሽ በራስሽ እንዳታቋርጪው፤ ድንገት ካቋረጥሽው ከበፊቱ ይብሳል» ብሏታል፣ ጣቱን እየቀሰረ። አድጋ ዳቦ ቤት ተቀጠረች፤ ከጋለ ምድጃ ፊት ቆማ የዳቦ ትሪ ስታስገባና ስታወጣ ትውላለች። እጇ ቀልጣፋ ነው፤ ጨዋታዋም ለጉድ ነው። አባቷ ግን በየጠዋቱ ከበሯ ላይ ቆሞ «ዋጥሽው?» ሳይል ሱቁን ከፍቶ አያውቅም።

አንድ እሑድ እማማ «ቃል አለኝ» ብለው ወደ ፊት ወጡና ልጅቷን አስጠሩ። ልጅቷ ወጥታ አጠገባቸው ቆመች። ባለማይኩ ማይኩን ለእሳቸው ቁመት ዝቅ አድርጎ፣ ድምፃቸውን አስተካክሎ ጆሮውን ጣለ።

«ጌታ እንዲህ ይላል» አሉ እማማ። «ይህች ልጅ የእኔ ናት።»

«አሜን!»

«አትፍሩ!»

«አሜን!» ሰው ከመቀመጫው መነሳት ጀመረ። አንዲት ሴት እልል አለች። ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። እማማ ለአፍታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጩኸቱ ግን አልቆመም፤ ይባስ ብሎ ጨመረ። እማማ እጃቸውን አነሱ።

«ከዛሬ ጀምሮ ክኒን በአፏ...»

ባለማይኩ ማይኩን ዘጋው። አስቦ አይደለም፤ ጣቱ ቀደመው። አዳራሹ ክው አለ። አንገት ሁሉ ዞሮ አፈጠጠበት፤ እሱም መልሶ አፈጠጠ። እማማ ግን ሳይቋረጡ በራሳቸው ድምፅ ጨረሱት፤ «አይገባም!» ከፊት ካሉት በስተቀር የሰማቸው የለም። አንድ ሰው ግን ከክንዳቸው ሥር ቆሞ ጥርት አድርጎ ሰምቷል፤ ልጅቷ። እንዳትሰማ የፈለገው እሷን ብቻ ነበር።

ቤት ሲገቡ ልጅቷ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ጀመረችው። «አባዬ፣ በሰው ፊት አዋረድከኝ።»

«ማዋረድ እሱ ነው? ሐኪምሽ ምን እንዳለሽ ረሳሽው?»

«ሐኪሙ መጋቢት መጣ መስከረም መጣ ያው ነው የሚለው። እማማ ግን አንድ ቀን ዋሽተው ያውቃሉ? እስቲ ንገረኝ፤ እኔ በሕይወት ያለሁት እሳቸው ሰምተው አይደል?»

«እሱስ ነው።»

«ታዲያ ያኔ የሰሙ ዛሬ ለምን አይሰሙም?» ወደ እሱ ዞረች። «ወይስ አንተን ስላልተናገረህ ነው የምትቀናው?»

ይህች ነገር አንጀቱ ድረስ ገባች። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ገመድ መፍታት ያዘ። እሷም የተናገረችው ከበዳት መሰለኝ፣ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ስትፈራ ነው የማውቅህ። ሳስል ትፈራለህ፣ ብርጭቆ ከእጄ ሲወድቅ ትሮጣለህ። ዛሬ ‹አትፍሩ› ሲባል ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ከዚህ ሁሉ እፎይ የምል መሰለኝ።» ማታም ጠዋትም ክኒኑን አልወሰደችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለጠላትም አልመኝለትም። ባለማይኩ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ሻይ ቤት ሄዶ ይቀመጣል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ እሱ በመስኮቱ የልጁን እጆች ያያል። ትሪ አስገባች፤ ትሪ አወጣች። ዞር ስትል ከወንበሩ ብድግ ይላል። ሱቁ ውስጥ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች ተከመሩ፤ ባለቤቶቹ መጥተው ይጮሁበታል፤ እሱ ጆሮ የለውም። የጉባኤው ሽማግሌዎችም ነገሩ እስኪጠራ ብለው ከጠረጴዛው አስነሱት። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሰው ቁልፎቹን ነካካቸውና ስፒከሩ ከመክፈቻው ጸሎት እስከ ቡራኬው ድረስ ሲያፏጭ ዋለ። ባለማይኩ ከምእመናን መሐል ተቀምጦ ጥርሱን ነከሰ። ትንሽ ደስ አላለውም አልልም።

ልጅቷ አልወደቀችም። መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ «አየህ? አልወደቀችም!» ይሉታል፣ ጣታቸውን እየነቀነቁ።

«ክኒኑን ስትውጥስ መቼ ወደቀች?» ይላቸዋል።

አፉን ሞልቶ ይመልስላቸዋል እንጂ ፈርቷል። ነገሩን ሲያስበው እሱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ልጁ ስትወድቅ ነው። ካልወደቀች እነሱ ረቱ፤ ከወደቀች እሱ ረታ። እንዲህ ያለ ክርክር መርታት የሚፈልግ አባት የት አለ? ስለዚህ በየቀኑ «ጌታ ሆይ፣ እኔን ውሸታም አድርገኝ፣ ግድ የለም፤ እንዳትወድቅ ብቻ» እያለ ይጸልያል። ጸልዮ ሲነሳ ግን መልሶ ይናደዳል። «ለምን ወድቃ ይፈተናል? ዱሮ ማንም ሳይወድቅ የሚመዘንበት መንገድ ነበረን!» አለ አንድ ቀን ጮክ ብሎ፣ ባዶ ሱቁ ውስጥ። በዚያው ተነስቶ ወደ አክስቱ ቤት ሄደ።

እማማ ወጥ ቤት ድንች እየላጡ ነበር። ቀና ብለው አዩትና መላጣቸውን ቀጠሉ።

«ተቀይመውኛል?» አለ።

«ገና ከመራመድህ ጀምሮ ስታናድደኝ የኖርክ ልጅ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ ብዬ እቀየምሃለሁ? ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። «እቴቴ፣ ስፒከር ሲያጓራ ምን እንደማደርግ ያውቃሉ? ገመዱን አንድ በአንድ እነቅላለሁ። አንዱን ስነቅል ማጓራቱ ካቆመ፣ የገባው በዚያ ነው። እርስዎ ያንን ቃል ሲያወጡ ለልጅቷ ያለዎትን ምኞት ነቅለው አይተዋል? የሰዉን ጭብጨባስ ነቅለው አይተዋል?»

እማማ ቢላዋውን አስቀመጡ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ዝቅ ነው የሚለው። «አንተስ ማይኩን ስትዘጋ ፍርሃትህን ነቅለህ ነበር?»

ባለማይኩ ሲረታ ይጮኻል። «አልነቀልኩም! ፈርቼ ነው የዘጋሁት! ታዲያ የፈራ ሰው ሁሉ ተሳስቷል? እኔ ልክ ነኝ አላልኩም፤ ይመዘን ነው የምለው። የእኔም ፍርሃት አብሮ ይመዘን። እርስዎ እኮ ነዎት እዚህ ሳሎን ውስጥ ያስተማሩኝ! ‹ጌታ አለ› ከተባለ በኋላ ሰው አፍ የለውም፤ ስለዚህ ከመባሉ በፊት እንመዝን ይሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም?»

እማማ የተላጠውን ድንች ከውሃው አውጥተው፣ አይተው፣ መልሰው ከተቱት።

«ከተመዘንኩ ስንት ዘመኔ» አሉ በመጨረሻ፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሳቸው። ከዚያ ቀና ብለው «እሺ፣ ይመዘን» አሉ።

የተሰበሰቡት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ትርፍ ወንበር በሚከመርባት ክፍል ነው። ወጣቱ መጋቢ አለ፤ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የሆኑት ጡረተኛ አሉ፤ እማማ፣ ልጅቷና ባለማይኩ። ልጅቷ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነበር። ጡረተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወደ ሌላው ነገር ከመግባታችን በፊት ይህ ወንድም ይቅርታ ይጠይቅ። እግዚአብሔር ሲናገር አፉን ዘግቶበታል።»

«የዘጋሁት ማይክ ነው» አለ ባለማይኩ። «በአንዲት ቁልፍ አፉ የሚዘጋ ከሆነማ ምኑን እግዚአብሔር ሆነ! ይቅርታ አልጠይቅም። ያልተመዘነ ነገር በልጄ ላይ ከተነገረ፣ ዛሬም ቢሆን ደግሜ እዘጋዋለሁ።»

«ድፍረትህ!» አሉ ጡረተኛው።

መጋቢው እጁን አንስቶ አረጋጋቸው። ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ ነገር ማብረድ ይወዳል። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ራስህ ‹አልተናገረኝም› ትላለህ። ታዲያ ሲናገርና ሳይናገር በምን ትለያለህ?»

«አልተናገረኝም አላልኩም፣ ፓስተር። እንደ እናንተ አልተናገረኝም ነው ያልኩት።» ባለማይኩ ወደ ፊት ተጠጋ። «ቃሉን ሳነብ ይናገረኛል፤ ብዙ ጊዜ ይቆጣኛል። ላጭበረብር ስል ልቤ ውስጥ ይቆረቁረኛል። አንዳንዴም እቴቴ ይመጡና ‹ሱቅህን ዝጋ› ይሉኛል። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ዝም ይለኛል። ሲለኝ ሰማሁ እላለሁ፤ ዝም ሲለኝ ደግሞ እኔ በሱ ፈንታ አልናገርም። ሰው የማያውቀውን አላውቅም ቢል ምን ይጎድልበታል? እምነት ማለት የግድ ሁልጊዜ የሚሰማ ነገር መኖር አለበት ያለው ማነው?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ጀምሩ፤ ምዘናው የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም» አሉ።

መጋቢው እንዴት እንደሚጀመር አያውቅም፤ ጉባኤውን የተቀላቀለው አዳራሹ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ወደ ባለማይኩ አየ። ባለማይኩ ድምፁን አለሰለሰ። ከአክስቱ ፊት ሲቀመጥ ያ ሁሉ እልሁ ከየት እንደሚጠፋ እንጃ።

«እቴቴ፣ ይድገሙት። የሰሙትን ለብቻ፣ የመሰለዎትን ለብቻ።»

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማይክ የለም፣ እልልታ የለም፣ አንድም «አሜን» የለም። ከውጭ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ይሰማል። «‹ይህች ልጅ የእኔ ናት›» አሉ ቀስ ብለው። «ይህን ሰምቻለሁ። ጠዋት ስነሳም ሰምቼዋለሁ፤ እዚያ ቆሜም ሰምቼዋለሁ። ‹አትፍሩ።› ይህንንም ሰምቻለሁ።»

ቆሙ። ጠበቁ። ሁሉም ጠበቀ። ልጅቷ የወንበሯን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ከዚያ በኋላ እሱ ዝም አለ» አሉ እማማ። «አዳራሹ ግን ዝም አላለም። ቆመው እየጮሁ ይጠብቁኛል። እኔም ይህችን ልጅ አየኋት፤ ትንሽ ሆና ወድቃ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ያስደገፍኩበት ቀን ፊቴ ላይ መጣ። በቃ፣ ተሸነፍኩ።» ዓይናቸውን ገለጡና ልጅቷን ቀጥ አድርገው አዩ። «ክኒን በአፏ አይገባም ያለው እሱ አይደለም። ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

ጡረተኛው መሬት መሬት አዩ። ባለማይኩ ደግሞ ረታሁ ሊል የመጣ ሰው፣ እንባው መጣና ፊቱን ወደ ተከመሩት ወንበሮች አዞረ። ያሳደጉት ሴት በዚያ ዕድሜያቸው፣ ስም እያላቸው፣ ልጅ በሚሆናቸው ሰው ፊት ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ። እሱ ቢሆን ይችል ነበር? አይችልም። ያውቀዋል።

መጋቢው «እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጸሎት እንዝጋና...» ብሎ ሊነሳ ሲል ልጅቷ ብድግ አለች።

«ቆይ! ምን አለቀና ነው የሚዘጋው?» አለች። ፊቷ ቀልቷል። «የተነገረለት ሰው ምን ይላል የሚባል ነገር የለም እንዴ? አባዬ ሲያወራው ሰምቻለሁ። ማን ጠየቀኝ? እማማ ክኒኑን ከአፌ አወጡት፤ አባዬ ደግሞ ሻይ ቤት ተጎልቶ እንደ ሌባ ሲጠብቀኝ ከረመ። አይቼሃለሁ እኮ፣ አባዬ! ዳቦ ቤቱ በሙሉ አይቶሃል! አፉ የእኔ፣ ክኒኑ የእኔ፣ ብወድቅ የምወድቀው እኔ!»

«እውነትሽን ነው» አሉ እማማ። «እሺ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ልጅቷ ይህን አልጠበቀችም። ትንሽ አሰበች። «‹የእኔ ናት› የሚለው እውነት ነው» አለች። «ሲሉት አውቄዋለሁ። ሌላው ግን... ሌላውን ስሰማ ደስ አለኝ እንጂ አላወቅኩትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃው ፊት ስቆም እግሬ ይንቀጠቀጣል። ‹አትፍሩ› ተብዬ ከበፊቱ ባሰብኝ። እምነት ጎድሎኝ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

ቦርሳዋን ከፈተች። ከሥራ ልብሷ ሥር የክኒኑን ብልቃጥ አወጣች። አባቷ አፉ ተከፈተ። «ይዘሽው ነበር?»

«አንድ ቀን ጥዬው ወጥቼ አላውቅም» አለችው። «እንዳትስቅ! ለአንተ ብዬ አይደለም። ለእማማም አይደለም። ሐኪሜ ዘንድ ደግሞ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ይቆጣኝ። ከዛሬ ጀምሮ በራፌ ላይ ቆሞ ‹ዋጥሽው?› የሚለኝ ሰው ካለ ግን ከዚያ ቤት እወጣለሁ። የእሱ ከሆንኩ፣ ስውጥም የእሱ ነኝ።»

እማማ ተነስተው ከጥጉ ጠረጴዛ ላይ ከነበረው ጆግ ውሃ ቀዱላት። ልጅቷ ብርጭቆውን ተቀብላ፣ ቆማ፣ ሁሉም እያያት ዋጠችው። ባለማይኩ አንድ ቃል ሊተነፍስ ነበር፤ ምላሱን ነከሰ። ሴቶቹ ተያይዘው ቀድመው ወጡ፤ ልጅቷ አሁንም ታጉረመርማለች፣ እማማም «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» እያሉ ክንዷን ይዘዋል።

ጡረተኛው የይቅርታውን ነገር ድጋሚ አላነሱትም። ባለማይኩ ወንበሮቹን ወደ ክምሩ መልሶ ሊወጣ ሲል መጋቢው በሩ ላይ ያዘው። እንደ መሪ ሳይሆን እንደ ታናሽ ወንድም ነበር አያያዙ።

«በንጹሕ ልብ ነው የምጠይቅህ» አለ። «ዛሬስ እግዚአብሔር ሲናገር ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«እቴቴ ‹ይህን የጨመርኩት እኔ ነኝ› ሲሉ።»